ሐዋሳ ቤት ልትከራዩ ነው? "ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት

ሐዋሳ ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። በሰባት ዓመት አራት ቤት ቀይሬያለሁ። አንዱን ወድጄ ለቀቅኩ። ከአንዱ በጨዋ ደንብ ተባረርኩ። አንዱን ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት የከፈልኩትን ትቼ ወጣሁ፣ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። አሁን ያለሁት አራተኛው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘመድ ጓደኛው ሁሉ ወደዚህ ሲዛወር "ሐዋሳ ቤት ስንት ነው?" ብሎ እኔን ነው የሚጠይቀው። እኔም በየጊዜው ያንኑ ረጅም መልስ እጽፋለሁ። አሁን አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ደላላው የሚነግራችሁ የቤቱን ዋጋ ነው። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ግን የወሩን ዋጋ ነው። በሁለቱ መሃል ውሃ አለ፣ መብራት አለ፣ ባጃጅ አለ፣ የጥበቃ መዋጮ አለ፣ ሌላም ሌላም። ኪራዩ ርካሽ ሆኖ ወሩ የሚወደድበት ቤት ሞልቷል። እኔ ራሴ ሁለቴ ገብቼበታለሁ።

ከሥራ ቦታችሁ ጀምሩ

ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት። መንገዷ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ለእግር ይመቻል። ካርታ ላይ ስታዩት ሁሉም ሰፈር እዚያው በእዚያው ይመስላል። እዚህ ግን ቅርብና ሩቅ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በባጃጅ ነው። በአንድ ባጃጅ የምትደርሱበት ቅርብ ነው። ወርዳችሁ ሌላ የምትጠብቁበት ሩቅ ነው።

ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምይዘው፣ እናንተ በራሳችሁ ተኩ። ወጣ ያለ ሰፈር 5,000 ብር የተባለ ቤት አገኛችሁ እንበል። ለመሄድ ሁለት ባጃጅ፣ ለመመለስ ሁለት ባጃጅ። አንዱ 15 ብር ቢሆን በቀን 60 ብር ነው። በወር 26 ቀን ብትሠሩ 1,560 ብር ይሆናል። ቤታችሁ 6,560 ገባ ማለት ነው። ሥራ ቦታችሁ አጠገብ 6,500 ተብሎ "ኧረ ውድ ነው" ብላችሁ ጥላችሁት የሄዳችሁት ቤት በ60 ብር ይረክሳል። ይሄ እንግዲህ አምሽታችሁ ኮንትራት ባጃጅ የምትይዙበትን ቀን፣ ዝናብ ሲሆን ታሪፉ ሁለት እጥፍ የሚሆንበትን ቀን፣ ለምሳ ወደ ቤታችሁ መመለስ ስለማትችሉ ውጭ የምትበሉትን ሳይጨምር ነው።

ፒያሳና ሐይቅ ዳር ውድ ነው፣ ይህን ለማወቅ እኔ አላስፈልግም። ሪፈራል አካባቢ ከሆስፒታሉ ሠራተኛና ከሕክምና ተማሪው ጋር ትሻማላችሁ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው የሚከራዩ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው፣ አንዳንድ አከራይም ኪራዩን የሚናገረው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው። ከዋጋው በፊት የሚጠይቃችሁም "ስንት ናችሁ?" ብሎ ነው። ወደ ቱላ ከወጣችሁ ግቢው ይሰፋል፣ ኪራዩ ይቀንሳል፣ የባጃጁን ስሌት ግን አትርሱ።

የምትፈልጉበት ጊዜም ዋጋ አለው። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት፣ መምህሩም ተማሪውም በአንድ ላይ ሲገባ፣ አትፈልጉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ለፍቼ ጨምበላላም እንዲሁ፣ ደላላው ለወር ተከራይ ጆሮ የለውም። በዚያ ሳምንት እሱ የሚሮጠው ለአልጋ ነው። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ ስትደውሉለት ያው ሰውዬ ራሱ መልሶ ይደውልላችኋል።

የግቢ ቤት፣ ሰርቪስ፣ ኮንዶሚኒየም

ሰርቪስ ማለት ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ የተሠራ ክፍል ነው። ላጤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሽንት ቤትና ሻወር የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ አይታችሁ አረጋግጡ። "ሽንት ቤት አለው" እና "የራሱ ሽንት ቤት አለው" የተለያየ አረፍተ ነገር ነው። ደላላ የመጀመሪያውን ነው የሚናገረው።

ኮንዶሚኒየም የራሱ ቆጣሪ አለው፣ የአከራይ ፊት አታዩም። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ የመውጣት አቅም አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልወጣ ጀሪካኑን የሚያወጣ ሰው ትከፍላላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ትሸከማላችሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ኖሬ ጀሪካን ተሸክሜያለሁ፣ ጂም አያስፈልጋችሁም። በየወሩ ለጥበቃና ለጽዳት የሚዋጣውንም ጠይቁ፣ ማን እንደሚከፍለው ጭምር።

አዲሶቹ የግል ፎቆች ላይ የሚከራየው አፓርትመንት ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ኪችኑ ካቢኔት አለው። እዚያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ምጣድ ሰክቼ መጋገር እችላለሁ ወይ? ብዙዎቹ "አይ፣ መስመሩ አይችልም" ይሏችኋል። እንጀራ በየቀኑ ከሱቅ መግዛት የወር ሒሳብ ላይ ምን ያህል እንደሚጨምር የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው ያውቀዋል።

መብራት፦ የጋራ ቆጣሪ የሚባል ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብር የሚፈሰው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቤቴ ሰባት ተከራይ ያለበት ግቢ ነበር። ቆጣሪው አንድ ነው። ወር ሲደርስ አከራያችን እትዬ በረንዳ ላይ ቁጭ ይሉና መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጀርባው የተገነጠለ ደብተር ይከፍታሉ። ገጹ ላይ በቢክ የተሰመረ ሠንጠረዥ አለ። አምፖል፣ ቲቪ፣ ፍሪጅ፣ ስቶቭ፣ ምጣድ። ለእያንዳንዱ የራሱ ዋጋ። እኔ አምፖል ሁለት፣ ስቶቭ አንድ። "ልጄ፣ አንቺ ሻርጀርም አለሽ" ይሉኛል። ኧረ እትዬ፣ የስልክ ሻርጀር ስንት ሊበላ? "ሁሉም እንደሱ እያለ ነው እኔን የሚያከስረኝ።" ሳቄ ይመጣል፣ ግን እከፍላለሁ። ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ በሳምንት ሁለቴ ትጋግራለች፣ ለምጣድ የምትከፍለው ግን እኔ ለስቶቭ ከምከፍለው ብዙም አይበልጥም ነበር። የእሷን እንጀራ በከፊል የማስጋግራት እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ደግነቱ አልፎ አልፎ ትሰጠኝ ነበር።

አሁን ቁጥሩን እንየው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3.5 ብለን ብንይዝ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በወር ስምንት ጊዜ ከሆነ 42። ለመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በደረጃ ነው የሚሄደው፣ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሹ ነው፣ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300 እያለ የአንዱ ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለብቻችሁ ቆጣሪ ቢኖራችሁ፣ አምፖልና ስልክ ብቻ ብትጠቀሙ፣ ከርካሹ ደረጃ ላትወጡ ትችላላችሁ። የጋራ ሲሆን ግን ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዳቸው 80 ቢጠቀሙ ቆጣሪው የሚያየው 240 ነው። ለብቻቸው ቢሆን ሁለተኛው ደረጃ ላይ የሚቆሙ ሰዎች በአንድ ላይ አራተኛው ላይ ወጡ። ማንም አልሰረቀም፣ አከራይዋም አላጭበረበሩም፣ ግን ሁሉም የማይገባውን ከፈለ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፣ ልዩነቱ አብሮ ይሰፋል።

ስለዚህ ሁለት ቤት ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ 300 ወይም 400 ብር ቢበልጥ ግን የራሱ ቆጣሪ ካለው፣ እሱን ያዙ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ።

የራሱ ቆጣሪ ካለው ካርድ ነው ወይስ በቢል? በቢል ከሆነ የደንበኛ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ውዝፍ እንዳለበትና እንደሌለበት በቴሌብር ወይም በባንክ አረጋግጡ። ያለፈው ተከራይ ሦስት ወር ሳይከፍል ሄዶ ከሆነ፣ የመብራት ሠራተኛ መስመሩን ሊቆርጥ ሲመጣ የሚያገኘው እናንተን ነው።

ውሃ

"ውሃ አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "አለ" ይሏችኋል። ቧንቧው አለ። ጥያቄው በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ሲጠፋስ ስንት ቀን ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ብቻ የሚመጣበት ግቢ አውቃለሁ። እዚያ የሚኖር ሰው እንቅልፍ የለውም፣ የቧንቧው ማንኮራፋት ሲሰማ ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል።

ግቢው ሮቶ አለው ወይ? ስንት ሊትር ነው? ለስንት ሰው? 1,000 ሊትር ሮቶ ለሁለት ቤተሰብ ደህና ነው። ለሰባት ቤት ግን ልብስ የሚታጠብበት ቅዳሜ ከሰዓት ሳይደርስ ያልቃል። ከሮቶው ወደ ክፍላችሁ መስመር መኖሩንም እዩ፣ አንዳንዴ ሮቶው የዋናው ቤት ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ሲያምር አይታችሁ ትገባላችሁ፣ በኋላ "እሱ የኛ ነው" ትባላላችሁ። ይኸው ነው።

"ችግር የለም፣ ጉድጓድ አለን" ካሉ ለልብስና ለጽዳት ግሩም ነው። ለመጠጥ ግን ተጠንቀቁ። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው። በዚህ አካባቢ ጥርሱ የበለዘ ሰው ያየ ሁሉ ምን እንደምል ይገባዋል። ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም። ትንሽ ልጅ ካላችሁ የመጠጥ ውሃ ወጪን በወር ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ።

ሐይቁ ሲያምር

በሦስተኛው ሳምንት ጥዬው የወጣሁት ቤት ከሐይቁ ብዙም አይርቅም ነበር። ያየሁት ጥር ላይ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት ነው። ፀሐይ፣ ንፋስ፣ ወፍ። ቀለሙ አዲስ። ደስ ብሎኝ እዚያው ቀብድ ሰጠሁ። በገባሁ በመጀመሪያው ማታ 1 ሰዓት ላይ ትንኙ እንደ ሠርግ ቤት ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለ፣ ከአልጋዬ ስር ያለው ግድግዳ ላብ አወጣ። ያ አዲስ ቀለም እስከ ወገብ ድረስ ብቻ አዲስ እንደነበር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ከወገብ በላይ ያለው አሮጌ ነው። እርጥበቱ የሚወጣበትን ቦታ ብቻ ነበር የቀቡት።

ሐይቁ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባል፣ ከዙሪያው ያለ ጎርፍ ይገባል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ውሃው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ያለው መሬት ይረጥባል። ጨፌ የሚባለውን ሰፈር ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። ጨፌ ረግረጋማ መሬት እንደሆነ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ጥሩ ቤት የለም ማለቴ አይደለም፣ በደንብ ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት ሞልቷል። ግን የወለሉን ከፍታ ከመንገዱ ጋር አወዳድሩ። ከመንገዱ ዝቅ ያለ ግቢ ከሆነ ሐምሌ ላይ እንግዳችሁ ውሃ ነው።

ስለዚህ ቤትን አንዴ አይታችሁ አትያዙ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ከተቻለ ዝናብ ከጣለ በኋላ። ማታ ስትሄዱ መስኮቱ ወንፊት እንዳለው፣ መንገዱ መብራት እንዳለው፣ አጠገቡ ያለው ግሮሰሪ ሙዚቃውን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጮህ ታያላችሁ። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካያችሁ ጣሪያው ያፈሳል፣ "የድሮ ነው፣ ተሠርቷል" ይሏችኋል፣ በእጃችሁ ንኩት። የግድግዳው ታች ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ እሱ የእርጥበት ጨው ነው። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከአልጋ ስርና ከቁም ሳጥን ጀርባ እዩ። አከራዩ ይሳቅባችሁ። አጎበር ደግሞ በየትኛውም ሰፈር ይኑራችሁ። ወባ አሁንም እዚህ አለ።

ሐይቅ ዳር ውድ ቤት ለምትፈልጉ አንድ ምክር ብቻ፦ ጉማሬዎቹ ሲመሽ ወደ ዳር ይወጣሉ። ለሻይ ጨዋታ ይሆናል፣ ለብቻ የማታ ጉዞ አይሆንም።

ሱቁን ጠይቁ

ከደላላም ከአከራይም የማታገኙትን መረጃ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ያውቃል። ግቡ፣ አንድ ለስላሳ ግዙ፣ እዚያው ቆማችሁ ጠጡ። "እዚያ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ልገባ ነበር፣ እንዴት ናቸው?" በሉ። ባለ ሱቁ ዝም ካለ፣ መልሱን አግኝታችኋል። "ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን…" ካለ ሁለተኛ ለስላሳ ግዙ። በዓመት ስንት ተከራይ እንደገባና እንደወጣ፣ ውሃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ሁሉንም ያውቃል። ሳሙና በዱቤ የወሰደ ተከራይ ሲለቅ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው።

የበሩ ነገር ቀላል አይደለም። ማታ 3 ሰዓት የሚዘጋ ግቢ አለ፣ የማታ ፈረቃ ያለው ሰው እዚያ መኖር አይችልም። እንግዳ ማሳደር ይቻላል? እናቴ ከክፍለ ሀገር ብትመጣ ሁለት ሳምንት ብትቀመጥ ኪራይ ይጨመራል? ሞተር ወይም ሳይክል የማቆምበት አለ? ይሄን ሁሉ ሳትገቡ ጠይቁ። ከገባችሁ በኋላ ጥያቄ ሳይሆን ጭቅጭቅ ነው።

ደላላውና አስር ፐርሰንቱ

ደላላ ይጠቅማል፣ አልሰድበውም። የማታውቁት ከተማ ውስጥ በአንድ ቀን ስምንት ቤት ያሳያችኋል። ግን ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጨርሱ።

አንደኛ፣ "አስር ፐርሰንት ነው" ሲል የምን አስር ፐርሰንት ነው? ቤቱ 6,000 ብር ቢሆን የአንድ ወር 10 ፐርሰንት 600 ብር ነው። የሁለት ወር ቅድሚያ ከከፈላችሁ የዚያ 10 ፐርሰንት 1,200 ነው። የዓመቱ ከሆነ 7,200 ነው፣ ከአንድ ወር ኪራይ ይበልጣል። ሦስቱንም የጠየቀኝ ሰው አለ። በቃል ሳይሆን በቴሌግራም አስጽፉት፣ "እንደተነጋገርነው 600 ብር፣ ከእኔ ብቻ፣ ውል ስንፈርም" ብላችሁ ላኩለት፣ "እሺ እህቴ" ካለ በቂ ነው።

ሁለተኛ፣ ለማሳያ ብር አትስጡ። ቤቱን ሳታዩ ቀብድ ፈጽሞ አትላኩ። ቴሌግራም ላይ የምታዩት ያ የሚያምር ፎቶ ብዙ ጊዜ ካለፈው ዓመት ነው፣ ስትደውሉ "እሱ ትናንት ተያዘ፣ ግን ሌላ አለኝ" ትባላላችሁ። ሌላው ሁልጊዜ በ1,500 ብር ይበልጣል። አንድ ክፍል ላይ ከአራት ሰው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን የዘጋ ሰው ታሪክም ሰምቻለሁ፣ ከአራቱ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

የሚያከራያችሁ ሰው የቤቱ ባለቤት ነው? ካርታውን ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል፣ ከመታወቂያው ጋር አሳዩኝ በሉ። አያፍሩም፣ እናንተም አትፈሩ። ወኪል ከሆነ ውክልናው ይታይ። ተከራይ ሆኖ መልሶ የሚያከራይም አለ፣ እሱ ሲባረር እናንተም ትባረራላችሁ።

ዋጋ ስትከራከሩ

አብዛኛው ሰው 6,000 ሲባል "5,500" ይላል፣ አከራይ "5,800" ይላል፣ ተጨባብጠው ይወጣሉ። 200 ብር አተረፉ። እኔ አሁን በብሩ ላይ አልከራከርም። "ዋጋው እሺ፣ ግን ቀለም ቀብታችሁ አስረክቡኝ፣ የሻወሩን ቧንቧ ቀይሩ፣ መስኮቱ ላይ ወንፊት ይሁን፣ ለአንድ ዓመት አትጨምሩ" እላለሁ። አከራይ ብር መቀነስ እንደ ውርደት ሊያየው ይችላል፣ ቤቱን ማደስ ግን ለራሱም ነው፣ ይቀለዋል። አሁን ያለሁበት ቤት በዚህ መንገድ ነው የተገኘው። ወንፊቱን ባለቤቱ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው መቱት፣ እኔ ሚስማር አቀባይ ነበርኩ።

ውል

በ2016 ዓ.ም. የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1320/2016። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ከሁለት ዓመት ያላነሰ ይሁን፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ልክ ብቻ ነው። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፣ ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሰፈራችሁን ክፍለ ከተማ አስተዳደር ሄዳችሁ ምዝገባው እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አዋጁን ባትጠቅሱት እንኳ ሐሳቡን ውላችሁ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ፣ ማንም አይከለክላችሁም። "ስድስት ወር በአንድ ላይ አምጪ" ለሚል አከራይ "ሕጉ ሁለት ወር ነው የሚለው" ማለት ከ"የለኝም" ይሻላል።

አከራዩ ውሉ ላይ ኪራዩን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ሊል ይችላል፣ ለግብር ነው። ለሱ ይመቸዋል። ለእናንተ ግን 6,000 እየከፈላችሁ ወረቀቱ 3,000 ካለ፣ ቀን ሲጎድል ማስረጃችሁ 3,000 ነው። የሰጣችሁት ቅድሚያም በወረቀቱ ልክ ነው የሚመለሰው።

ወሩ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ? ይሄን የሚጠይቅ ሰው የለም፣ ግን ጠይቁ። በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ጳጉሜ ትመጣለች። አንድ አከራይ "የጳጉሜስ?" ብለው ጠይቀውኛል፣ የቀልድ መስሎኝ ስስቅ አልሳቁም። በፈረንጅ ከሆነ ጳጉሜ በዓመቱ ውስጥ ገብታለች። ውሉ ላይ "በኢትዮጵያ ወር፣ የጳጉሜ አይከፈልም" ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩ።

ስለ መውጫውም ጻፉ። ከስንት ወር በፊት ነው የሚነገረው? ከሁለተኛው ቤቴ "ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን ለሱ ነው" ተብዬ በሦስት ሳምንት ነው የወጣሁት። ቡና አፍልተው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ በጨዋ ደንብ። በሳምንቱ ክፍሌን ቴሌግራም ላይ አየሁት፣ በ1,200 ብር ጨምሮ። ልጁ እስካሁን ላጤ ነው፣ ባለፈው ፒያሳ አግኝቼው ሰላም ተባብለናል። ውሌ ላይ ሁለት ወር ቢባል ኖሮ ቢያንስ ተረጋግቼ እፈልግ ነበር።

ስትገቡ

ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ባዶውን ቤት በቪዲዮ ቅረጹ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የላላ በር፣ የማይሠራ ሶኬት፣ ሁሉንም። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ለአከራዩ እዚያው ላኩ፣ "ዛሬ የተረከብኩበት ንባብ ነው" ብላችሁ። ስትወጡ "ይሄን አንቺ ነሽ የሰበርሽው" የሚባል ነገር ይኖራል፣ ቪዲዮው ያኔ ነው የሚጠቅመው።

ጭነቱን ቀድማችሁ ተዋዋሉ። አውራጅና ጫኝ ሰፈሩ ውስጥ ካሉ "የኛ ተራ ነው" ሊሏችሁ ይችላሉ፣ መኪናው ከቆመ በኋላ የሚጠየቅ ዋጋና ከመቆሙ በፊት የሚጠየቅ ዋጋ አንድ አይደለም። ጠዋት ሂዱ፣ ጫኞቹን ዋጋ ጠይቁ፣ ተስማሙ፣ ከዚያ ዕቃውን አምጡ።

ኪራይ ስትልኩ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "የጥቅምት ወር ኪራይ" ብላችሁ ጻፉ። ባዶ አትተዉት፣ "ለእትዬ" ብላችሁም አትጻፉ። በእጅ ካልሆነ አልቀበልም ካሉ ፊርማ ያለበት ደብተር ይኑር፣ አንድ ለእሳቸው አንድ ለእናንተ።

በመጀመሪያው ቀን ደግሞ የበሩን ሲሊንደር ቀይሩ። ያለፈው ተከራይ ቁልፍ አለው፣ ከሱ በፊት የነበረውም ሳይኖረው አይቀርም። አሮጌውን ሲሊንደር አትጣሉት፣ ካርቶን ውስጥ ከጀሪካን ክዳንና ከትርፍ አምፖል ጋር አስቀምጡት። ስትለቁ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ፣ አዲሱን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳላችሁ። የኔ ሲሊንደር አሁን ሦስተኛ በሩ ላይ ነው።